የግራዝማች ካሚዮን ባትሪ የሞተበት ክረምት

ሰኔ 18 ቀን 1926

ስሜ አድነው ነው። የግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ ካሚዮን ረዳት ነኝ። ጽሕፈት በአምስት ወር ያወቅሁ ሰው ነኝ፤ ይህ መጀመሪያ ይጻፍልኝ። የአገረ ገዥው ጸሐፊ አቶ ሰብስቤ ማታ ማታ በቤቱ አሥራ አንድ ሰው ሲያስተምር፣ አሥሩ ገና ፊደል ላይ ሲንገዳገዱ እኔ ዳዊት ጀምሬ ነበር። አቶ ሰብስቤ ራሱ «አድነው፣ አፍህ ከእጅህ ባይቀድም ጥሩ ጸሐፊ ይወጣሃል» ብሎኛል። ለሰው ስነግር የመጀመሪያውን ግማሽ እተወዋለሁ።

ዛሬ ሾፌራችን ብሩ በበቅሎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። መንገዱ ጭቃ ስለ ሆነ ካሚዮኑ እስከ መስቀል አይነቃነቅም። ከጎተራው አጠገብ ባለው ዳስ ውስጥ ቆሟል፤ ብሩ እስኪመለስ ጠባቂው እኔ ነኝ። ከመሄዱ በፊት የመኪናውን ሆድ ከፍቶ ጥቁሩን ሣጥን፣ ባትሪውን አሳየኝ። ባለፈው የካቲት የገባ አዲስ ነው።

«ይህ ከሞተ ካሚዮኑ ብረት ብቻ ነው» አለኝ። «በእጅ ማዞሪያው፣ በማኒቬላ ብታዞረውም እሳቱን የሚሰጠው ይኸው ነው።»

«ስንት ዓመት ይኖራል?»

«ያለፈው አራት ዓመት ሠርቷል። የሚይዘው ሰው ካገኘ ሦስትም አራትም ይኖራል። ካላገኘ አንድ ክረምት ይበቃዋል።»

ከዚያ እንደ ሕፃን በከብት አስረዳኝ። «ላም ታውቅ የለ? ሞተሩን ማስነሳት ማለብ ነው። ሞተሩ ቆይቶ ሲሠራ ደግሞ መቀለብ ነው። እያለብህ ካልቀለብሃት ትደርቅብሃለች። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሳው፣ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፣ ከዚያ አጥፋው። ውሃው ከጎደለ የዝናብ ውሃ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለህ ጨምር። ሌላ ውሃ ጠብታ አይግባበት። ጫፎቹን ቅባት ቀባ። በቃ።»

ሁለት ቆርቆሮ ቤንዚን ለዚሁ ብሎ ተወልኝ። እኔም ያለውን ሁሉ ፊቱ ቁጭ ብዬ ጻፍሁ። «ትረሳለህ ብዬ ስሰጋ ነበር» አለ። ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው አይረሳም አልሁት።

ሰኔ 30

ቅዳሜ። አስነሳሁ። ግማሽ ሰዓት ሠራ። ጫፎቹን ቀባሁ። የባትሪው ውሃ እጅጌዬን ነክቶት ኖሮ ሸሚዜ ሦስት ቀዳዳ አወጣ። ዝናብ።

ሐምሌ 8

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የግራዝማች ባለቤት እመቤቴ ወይዘሮ የማርያምወርቅ አምስት ሴቶች አስከትለው ዳሱ ድረስ መጡ። ባለቤታቸው ከሄዱበት አልተመለሱም ነበር። «አድነው፣ እስቲ ያንን ነገር አስጩህልን» አሉኝ። ወጣሁና ማስነሻውን ረገጥሁ። ሲያጓራ አንዷ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። አጠፋሁት። ደግሞ አስነሳልን አሉ። አስነሳሁ። ጥሩምባውን ነፋሁ። ከዚያ መብራቱን አበራሁ፤ በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው መብራት ሲያበራ ማየት እንዴት እንደሚያስደንቅ ያላየ አያውቅም።

«ይህን ሁሉ አንተ ነህ የምታዝዘው?» አሉኝ አንዲት ወይዘሮ።

«ግራዝማች ሰውን ያዝዛሉ፣ እኔ ይህን አዝዛለሁ» አልኋቸው። ሳቁ። እንዲህ ያለ መልስ ሳልዘጋጅ ይመጣልኛል።

ሐምሌ 15

እሑድ። ዛሬ ዘጠኝ ሴቶች፣ አንድ ቄስ። አራት ጊዜ አስነሣሁ። ትናንት ቅዳሜ ግን አላስነሣሁም፤ እሑድ ስለሚነሣ ቅዳሜ ለምን ይደክማል ብዬ። ብሩ ቅዳሜ ያለው እሑድ እንደዚህ ሰው እንደሚመጣ ስላላወቀ ነው።

ሐምሌ 19

ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ግራዝማች ፊታቸው ላይ ዘርግተው ትንሽ ቆዩና «ዓይኔን ጭስ ነክቶታል፣ አንተ አንብበው» አሉኝ። አነበብሁ። አንድም ቦታ አልተደናቀፍሁም። ባለፈው ወር ደብዳቤ ሲመጣም ዓይናቸውን ጭስ ነክቶት ነበር፤ ያኔ ያነበበው አቶ ሰብስቤ ነው። ግራዝማች ከመስቀል በኋላ የመጀመሪያውን ቡና ጭኜ አዲስ አበባ አደርሳለሁ ብለው ለአገረ ገዥው ቃል ሰጥተዋል። ደብዳቤው ተቀባዩ ነጋዴ እየጠበቀ ነው ይላል።

ሐምሌ 29

እሑድ። ስድስት ጊዜ። ስድስተኛው ላይ ድምፁ ወፈረ፤ ከእንቅልፉ እንደ ተቀሰቀሰ ሽማግሌ አጉረመረመ። እንግዶቹ አላወቁም። ብርድ ነው።

ነሐሴ 7

ትናንት እሑድ ሦስቴ ረግጬ በሦስተኛው ብቻ ተነሣ። «ዛሬ ኩራት ይዞታል» ብዬ አሳቅኋቸው። ሲሄዱ ግን የባትሪውን ክዳኖች ከፈትሁና አየሁ። ውሃው ጎድሏል። የዝናብ ውሃ አጥልዬ ጨመርሁ። ብሩ እንዳለው አደረግሁ። ይህ ይጻፍልኝ፤ ብሩ እንዳለው አድርጌአለሁ።

ነሐሴ 13

ቤንዚኑ እያለቀ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት የሚባለውን ትቼዋለሁ። አስነስቼ ወዲያው አጠፋለሁ። እንግዶች የሚፈልጉት መጀመሪያውን ድምፅ ነው።

ነሐሴ 20

«ጭቅ» ብሎ ዝም አለ። ደግሞ «ጭቅ»። እመቤቴ «ምነው?» አሉ፣ «ጾም ነው» አልሁ። ፍልሰታ ዐሥራ አምስት ቀን ነው ብዬ አሳቅኋቸው፤ አንዲቱ ወይዘሮ ግን ጾሙ እኮ ከተፈታ አራት ቀኑ ነው አለች።

ማታ ሳስበው ዋልሁ። ወይም ውዬ ማታ አሰብሁት። ብሩ ራሱ ላም ነው አላለም? ታለበ፣ ደከመ። እንግዲህ የደከመ ከብት ምን ይደረጋል? ይህን አገር የሚያህል ከብት አደላቢ የለም። እዚህ በሬ ሲከሳ፣ ላም ስትነጥፍ፣ ወደ ቆላው ወርደው የጨው ውሃ ያጠጧቸዋል። የወረደው በሬ በሳምንት ውስጥ ፀጉሩ ያበራል፣ ሲመለስ በር አይበቃውም። በዓይኔ አይቻለሁ። የዝናብ ውሃ ግን ያደለበው በሬ አላየሁም።

ነሐሴ 21

ዳልጮን ላክሁት። ዳልጮ የግራዝማች ጭሰኛ ነው፤ ግቢውንም ይጠብቃል፣ ከብቱንም ያወርዳል። ከዳሱ ጀርባ ያለው እንሰት የእሱ ነው። ዕድሜው ከአባቴ ይበልጣል፣ ሆኖም እኔ ካልሁት ይሄዳል። በቢጠና በኩል ወደ ቆላው ወርዶ ከብት ከሚጠጣበት የጨው ምንጭ አንድ ቅል ውሃ እንዲያመጣልኝ ነገርሁት።

«ለየቱ በሬ ነው?» አለኝ።

«ለዚያኛው» ብዬ ካሚዮኑን አሳየሁት።

ረጅም ጊዜ አየው። «ይኼ ነገር ውሃዋን ይጠጣል?» አለ።

«አንተ አምጣ ብቻ።»

ነሐሴ 24

መጣ። ሦስት ቀን ፈጅቶበታል፤ ቅሉ ግን ሙሉ ነው፣ አፉን በኮባ ቅጠል አስሮታል። ቀመስሁት። ጨው ጨው ይላል፣ ምላስ ይይዛል፤ ጉልበት ያለው ውሃ ነው። የባትሪውን ሦስቱንም ጉድጓድ እስከ አፋቸው ሞላሁ። ዳልጮ ቅሉን ይዞልኝ ቆመ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ በመስኮት አይተውናል።

ነሐሴ 27

ተነሣ! ሦስት ቀን አሳርፌው በመጀመሪያው ርግጫ ተነሣ። ጥሩምባው እስከ ገበያው ተሰማ አሉ። አቶ ሰብስቤን መንገድ ላይ አግኝቼ አዲስ አበባ ያሉ መካኒኮች የማያውቁትን ነገር አገኘሁ አልሁት። «ምንድን ነው?» አለ። «ገና ነው» አልሁ። ብሩ ሲመጣ ራሱ ያየዋል።

ጳጉሜን 3

ጭቅም አይልም።

ጳጉሜን 5

ምንም። መብራቱ እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀላ ብሎ ጠፋ። ክዳኖቹን ስከፍት እንደ ዕቃ ቤት እርጥበት ያለ፣ አፍንጫ የሚቆርጥ ሽታ ወጣ። ዘጋሁት። ጨርቅ አለበስሁት።

መስከረም 1 ቀን 1927

ለአዲሱ ዓመት ግራዝማች ራሳቸው ሊያስነሱት ወጡ። መኳንንት ነበሩ። ረገጡ። ዝም። ደግመው ረገጡ። ዝም። ከኋላ አንድ ሰው አሳለ። ግራዝማች ወርደው ወደ እኔ ሳይመለከቱ «ምን ሆነ?» አሉ።

እመቤቴ ዳልጮን ቅል ይዞ ዳሱ ውስጥ አየሁት አሉ። እኔንም አይተውኝ ነበር፤ ያንን ግን አላሉም።

ዳልጮ ተጠራ። «አድነው አምጣ አለኝ፣ እኔ አመጣሁ» አለ።

ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

እዚህ ላይ የሆነውን እንደ ሆነ እጽፋለሁ። ልናገር ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ ሲያየኝ አፌ ራሱ ቀደመኝ፦ «ጌታዬ፣ እኔ ለበሬ ብዬ ነበር የላክሁት፤ እሱ ካሚዮኑም ሲያጓራ ሰምቶ በሬ መስሎታል» አልሁ።

መኳንንቱ ሳቁ። ግራዝማች እንኳ ከንፈራቸው ተነቃነቀ። አንዱ ዓይኑን እየጠረገ «መጫኛም አምጣለት» አለ። ሳቁ ሲያልቅ ነገሩ አልቆ ነበር። ዳልጮ ጨመረ ተባለ። እኔ ጨመረ አላልሁም። ቀልድ ነው እንጂ ምስክርነት አልነበረም።

መስከረም 4

ዳልጮ እንጨት ሲፈልጥ አገኘሁት። «ብሩ ሲመጣ አንተ ትነግራለህ፣ አይደል?» አለኝ።

«እነግራለሁ አዋ ዳልጮ» አልሁ። አዋ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ብዬው አላውቅም።

እመቤቴ ደግሞ ማጀት ጠርተው «የእሑዱን ነገር አታንሣ፣ አንተም እንዳትጎዳ» አሉኝ። ስለ እኔ አሰቡ።

መስከረም 20

ጊፋታ ነው፤ የነዳልጮ ዘመን መለወጫ። ከጭሰኞቹ ቤት ሁሉ ዘፈን ይሰማል። ከእሱ ቤት አይሰማም። ልጁ ቁርጥና ቆጮ ይዛልኝ መጣች፤ በየዓመቱ እንደምታደርገው። በላሁ። ጥሩ ሥጋ ነበር።

መስከረም 22

ብሩ ደረሰ። የመንገዱን ጭቃ ሳይታጠብ ባትሪውን አውርዶ ክዳኑን ከፈተ፣ ጣቱን ነክሮ ምላሱ ጫፍ ላይ አስነካና ተፋ።

«ጨው» አለ።

ግራዝማች ቆመው ነበር። «ይድናል?»

«አይድንም ጌታዬ። ውስጡ ያለው የእርሳስ ብረት ተበልቷል። ሌላ እስኪመጣ ከወር በላይ ነው።»

የመጀመሪያው ቡና ከሌላ ሰው ካሚዮን ጋር ይሄዳል ማለት ነው። ግራዝማች አልተቆጡም። መቆጣታቸውን እመርጥ ነበር። «ዳልጮ እስከ ጥቅምት አንድ መሬቱን ይልቀቅ» አሉና ገቡ።

ብቻችንን ስንቀር ብሩ በዝግታ ጠየቀኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ሠርቷል?»

«መጀመሪያ ላይ።»

«ከዚያስ?»

«እሑድ እሑድ አስነሣው ነበር። ለእንግዶች።»

«አስነስተህ ታጠፋዋለህ።»

እርሳሱ ላይ የጋገረ ነጭ ነገር አሳየኝ። ጨው ሳይገባበት ግማሹን የሞተው በዚያ ነው አለኝ፤ ሳይቀለብ ባዶውን የቆመ ባትሪ እንዲህ ይነጣል። ከዚያ እሱም ወደ በሩ አየና ድምፁን ቀነሰ። ባትሪውን የሚያስረው ቀበቶ ከአረካ በዚህ በኩል ተበጥሶ ነበር፣ በየካቲት፣ ሳይሠራው ትቶት ድንጋይ ለድንጋይ ሲንጠው መጥቷል። ውስጡ ያኔም ሳይሰነጠቅ አልቀረም። «ስለዚህ ሁላችንም አለንበት» አለኝ።

«ለግራዝማች ትነግራቸዋለህ?»

«አንተ ትነግራቸዋለህ?» አለኝ።

ሁለታችንም እጃችንን ታጠብን።

መስከረም 23

ዳልጮ እንሰቱን ሲቆጥር አየሁት። አርባ ሁለት እግር ነው። ሁለቱ ብቻ ደርሰዋል። ሌላው ሦስት ዓመትም አራት ዓመትም ይቀረዋል። ነቅሎ የሚተክልበት የለውም። ሚስቱ ከኋላው ቆማለች። እኔ ዳሱ ውስጥ ሆኜ የማይሠራ መኪና እወለውል ነበር።

መስከረም 25

ግራዝማች አስጠሩኝ። አቶ ሰብስቤ በሥራ ስለ ተያዘ ወረቀቱን አንተ ጻፍ አሉኝ። ሰኞ ሽማግሌዎችና ጭሰኞች ተሰብስበው ይነበባል፤ ሰው ሁሉ እንዲማርበት። እየተንጎራደዱ ነገሩኝ፦ ዳልጮ የሚባለው ሳይታዘዝ የጨው ውሃ አምጥቶ የጌታውን ንብረት ስላጠፋ ከያዘው መሬት እንዲለቅ፣ ተክሉም ለባለ መሬቱ እንዲሆን። ተክሉን ሲሉ ብዕሬ ቆመ። ቀለሙን አራገፍሁ።

እንደ ነገሩኝ ጻፍሁ። አነበብሁላቸው። «ጥሩ ነው፣ በደኅና ወረቀት ገልብጠህ አምጣ» አሉ።

ከራት በኋላ ስገለብጥ ቆየሁ። ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ሐሰት መጻፍ አልተማርሁም ብዬ እዚህ ልኮራ ነበር፤ እሳቸው ፊት የጻፍሁትን ግን አሳምሬ ጽፌዋለሁ። ታዲያ አሁን ሁለቱን ለምን እንዳበላሸሁ አላውቅም። ሄጄ በአፌ ልንገራቸው ብዬ ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜም ቀልድ መጣልኝና ተመለስሁ። ወረቀት ላይ ግን ማንም ፊት ለፊት አያየኝም።

ሦስተኛው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «እኔ ግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ ነገሩን መርምሬ ጥፋቱ የረዳቴ የአድነው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ውሃውን ያስመጣም የጨመረም እርሱ ነው። ዳልጮ የታዘዘውን ከማምጣት በቀር አላጠፋም። ስለዚህ ከነእንሰቱ በያዘው መሬት ላይ እንዲኖር ፈቅጃለሁ።»

ጽሕፈቱ ውብ ነው።

መስከረም 26

ወሰድሁላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች ዓይናቸውን አወረዱበት። «መስመሩ ቀጥ ብሏል» አሉና ማኅተማቸውን አደረጉበት። ከዚያ ዳልጮ አውራ ጣቱን እንዲያስነካ ተጠራ። ወረቀቱ ምን እንደሚል አልጠየቀም። እኔን ሳያይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ አስነካ። ቀለሙን በሣር ጠረገ።

መስከረም 28

አቶ ሰብስቤ በግቢው በር ላይ ቆሞ አነበበ። የመጀመሪያውን መስመር እንደ ጨረሰ አቆመ። እኔን አየ። ማኅተሙን አየ። ከዚያ በዚያው ድምፅ ቀጠለ፤ እንዲህ ያለ ጸሐፊ ነው። አንድ ሰው በወላይትኛ እያስከተለ ለጭሰኞቹ ይተረጉማል። የዳልጮ ሚስት ባሏን በክርኗ ነካችው።

ግራዝማች አልተነሡም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ «ሌላ ነገር ነበር የሰማነው ግራዝማች፣ ወረቀቱ የእርስዎ ነው?» አላቸው።

«አምጣው» አሉ። አቶ ሰብስቤ አመጣላቸው። ግራዝማች ጽሕፈቱን አላዩም፤ ማኅተሙን ብቻ በጣታቸው ነኩት። ዓይናቸው የሽማግሌዎቹን ፊት አንድ በአንድ አለፈ።

«ማኅተሙ የኔ ነው» አሉ። «የተጻፈውም ቃሌ ነው። እንደ ተነበበው ይሁን።»

ሰው ሲበተን ወደ ውስጥ ጠሩኝ። ጅራፍ ጠብቄ ነበር። ቁጭ ብለው ነበር፤ ያረጁ መሰሉኝ።

«ባትሪ ይገዛል» አሉኝ። «ብትነግረኝ ገርፌህ እተውህ ነበር።»

«ጌታዬ፣ ልነግርዎት...»

«ዝም በል። ይህን ሁሉ ሰው ፊት አቁመህ ማኅተሜን እንድነካ አደረግኸኝ። ሰብስቤ አይቶኛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከግቢዬ ውጣ። ለሚጠይቅህ፣ የወጣሁት ስለ ባትሪው ነው በል።»

እመቤቴ በመስኮት ነበሩ። መጋረጃውን ለቀቁት።

ጥቅምት 3፣ አረካ

እናቴ ቤት ነኝ። አቶ ሰብስቤ በሰው ልኮ የገበያ ቀን አቤቱታ የሚያጽፍ ሰው አይጠፋም፣ ብዕርህን ይዘህ ተቀመጥ ብሎኛል። ሌላ ምንም አላለም። ብሩ ሰላምታ ልኳል፤ አዲስ ቀበቶ አሠርቷል።

የወጣሁበትን ቀን ሳልጽፍ ቆይቻለሁ። ሳጥኔን ተሸክሜ ከዳሱ ስወጣ ዳልጮ መጣና ሳይጠይቀኝ ከትከሻዬ ወስዶ ተሸከመው። እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ዝምታ አልችልም፤ ስለዚህ ያንን የበሬውን ቀልድ አነሣሁበት። ያን ቀን ሰው ሁሉ የሳቀው እኮ በካሚዮኑ ነው እንጂ በአንተ አይደለም አልሁት። አማርኛው ጠንክሮበት ይሆናል ብዬ፣ ለምን እንደሚያስቅ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል አስረዳሁት።

«ያን ቀንም ገብቶኛል» አለኝ።

ሳጥኑን ድንጋዩ ላይ፣ ውሃ የማይነካው ቦታ መርጦ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ እንሰቱ ተመለሰ።